ከ1 ሰዓት ቀጥሎ 4 ሰዓት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። ከአራት የተለያየ ቦታ የተጻፉ ናቸው፤ ሕመማቸው ግን አንድ ነው። በጽሑፍ የገባ ቁጥር ወደ እውነተኛ ቁጥር ሲቀየር መንገድ ላይ ይበላሻል። ይኼ ነገር ለእኔ የቆየ ቁስል ስለሆነ የመጀመሪያው መልስ ትንሽ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። 26 ዓመቴ ነው። በአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምይዘው እኔ ነኝ። ሊኑክስ ማሽናችን ላይ በባሽ፣ ማለትም የተጻፈለትን ትእዛዝ ተቀብሎ በሚፈጽመው ፕሮግራም፣ የጻፍኳት ትንሽ ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር) አለችኝ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በየሰዓቱ የአባላቱን ሒሳብ ወደ ሌላ ዲስክ ትገለብጣለች። ማሽኑ የሚይዘው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ከሱ ላይ 6 ቀንሼ የእኛን ሰዓት በፋይሉ ስም ላይ አስገባለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ሲያዩት ግራ እንዳይገባቸው ብዬ ነው። ችግሩ፣ በየቀኑ የ2 ሰዓትና የ3 ሰዓት ፋይል የለም። ከ1 ሰዓት ቀጥሎ 4 ሰዓት ነው። መጀመሪያ መብራት መሰለኝና ዩፒኤስ አስገዛሁ። ቀጥሎ ዲስኩን ጠርጥሬ ቀየርኩት። ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ስክሪፕቱን በእጄ ሳስኬደው ምንም አይልም፣ ይሠራል። እባክዎ አንድ ይበሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራቱም ዲስኩም ንጹሕ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ከ8 እና ከ9 ፊት በቆመችው ዜሮ ላይ ነው።

ማሽኑ ሰዓቱን የሚሰጥህ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ነው። የእኛ 2 ሰዓት በሱ 08 ነው። የእኛ 3 ሰዓት 09 ነው። አንተ ከ08 ላይ 6 ቀንስ ትለዋለህ። ባሽ ግን ዜሮ የሚቀድመው ቁጥር ሲያይ በአሥር የሚቆጠር ነው ብሎ አያነበውም። በስምንት የሚቆጠር ነው ብሎ ያነበዋል። ኦክታል የሚባለው ይኼ ነው። በስምንት ስንቆጥር ያሉን አሃዞች ከ0 እስከ 7 ብቻ ናቸው። 8 የሚባል አሃዝ የለም፤ 9ም የለም። ስለዚህ ባሽ 08ን ሲያይ ‘ይኼ አሃዝ ለዚህ አቆጣጠር ይበዛል’ ብሎ ኢረር ያወጣል፣ መስመሩንም ይተወዋል። አንተ ደግሞ ቅነሳውን የጻፍከው የመገልበጫው ትእዛዝ ውስጥ ከሆነ፣ ከቅነሳው ጋር ግልበጣውም ይቀራል።

አሁን ቀኑን ሙሉ ተከተለው። 1 ሰዓት ላይ ማሽኑ 07 ይልሃል። በስምንትም ብትቆጥረው፣ በአሥርም ብትቆጥረው 07 ሰባት ነው፤ ያልፋል። 08 ይሰናከላል። 09 ይሰናከላል። 10 ሲደርስ ከፊቱ ዜሮ የለም፤ ባሽ እንደ ሰው በአሥር ያነበዋል፣ የ4 ሰዓት ፋይልህ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ በእጅህ ስታስኬደው የሚሠራው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብተህ በእጅህ ብታስኬደው ኖሮ ኢረሩን በዓይንህ ታየው ነበር። ክሮን፣ ሥራን በተመደበለት ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በራሱ ሲያስኬደው ግን ኢረሩን በማሽኑ ውስጥ ባለው ፖስታ ነው የሚልከው። ያ ፖስታ ካልተዘጋጀ ማንም አያየውም።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ቅነሳው ውስጥ ከሰዓቱ ቬሪያብል (ሰዓቱን ከያዘው ስም) ፊት 10# ብለህ ጻፍ። ‘ይኼን በአሥር ቁጠርልኝ’ ማለት ነው። ከ10# ቀጥሎ ያለውን የዶላር ምልክት እንዳትረሳ። ያለ ዶላር ከጻፍከው ባሽ የቬሪያብሉን ስም ራሱን እንደ አሃዝ ሊያነበው ይሞክራልና እንደገና ይሰናከላል። ሌላው መንገድ ከምንጩ ማድረቅ ነው። ዴት በሚለው ትእዛዝ ውስጥ፣ በፐርሰንት ምልክቱና ሰዓት በሚጠይቀው ፊደል መሃል አንዲት ሰረዝ አስገባ። ያን ጊዜ ማሽኑ 08 ሳይሆን 8 ብቻ ይሰጥሃል።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥልኝ። የስክሪፕትህ የመጀመሪያ መስመር የሚጠራው ባሽን ነው ወይስ ኤስኤችን? ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ኤስኤች ሲባል የሚነሳው ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል፣ እንደ ባሽ ያለ ትእዛዝ ተቀባይ፣ ነው። ዳሽ 10# የሚባል ነገር አያውቅም። እንደዚያ ከሆነ የሰረዟን መንገድ ያዝ።

ዜሮ መቅደም የኦክታል ምልክት የሆነበት ምክንያት አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምፕሰን ቢ የሚባለውን ቋንቋ ሲሠራ የያዘው ማሽን ፒዲፒ-7 ነበር። የዚያ ማሽን ቃል፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቁራጭ፣ 18 ቢት ነው። 18 በሦስት በሦስት ቢት ሲከፈል ልክ ይመጣል፤ ሦስት ቢት ደግሞ አንድ የኦክታል አሃዝ ነው። ስለዚህ በኦክታል መጻፍ ለነሱ የዕለት እንጀራ ነበር፣ ምልክቱንም አጭር አደረጉት። ሲ የሚባለው ቋንቋ ከቢ ወረሰ፣ ሌሎቹም ከሲ ወረሱ። እንዲያውም የድሮው ሲ 8 እና 9ን ኦክታል ውስጥ ይቀበል ነበር፤ 08 ስምንት፣ 09 ዘጠኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ደረጃ ነው ያንን የዘጋው። ዛሬ ኦክታል የሚያስፈልገን የፋይል ፈቃድ ስንሰጥ ነው፣ 755 የምንለው። ፓይተን በሦስተኛው ትውልዱ ይህን የዜሮ ምልክት ጥሎታል። ባሽ ግን እንደያዘው ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ያንተ ስክሪፕት ጮኾ ነው የወደቀው። የሚያስፈራኝ የማይጮኸው ነው። ማኅበራችሁ የአባላትን ቁጥር በአራት አሃዝ የሚጽፍ ከሆነ፣ 0012 የሚለውን አባል ባሽ ውስጥ ለስሌት ብታስገባው 10 ሆኖ ይወጣል። ኢረር የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም። አንድ ስምንትና ሁለት አንዶች፣ አሥር። የአንዱ አባል ብር ሌላው አባል ላይ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ስክሪፕቱን ስትከፍት ሰዓቱን ብቻ አስተካክለህ አትዝጋው። ዜሮ ሊቀድመው የሚችል ቁጥር የት የት እንደሚገባ ፈልግ።

ይኼን ያህል የምጨነቅበትን ምክንያት ልንገርህ።

በ2002 ዓ.ም. ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ነርሶቹ የልደት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ፎርሙን የጻፍኩት በጃቫስክሪፕት ነው። ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፓርስኢንት የሚባለው ትእዛዝ ነው። በዚያን ጊዜ ብራውዘሮች ላይ ፓርስኢንት ልክ እንደ ባሽ ዜሮ የሚቀድመውን በስምንት ያነብ ነበር። ልዩነቱ ኢረር አለማውጣቱ ነው። 0ን ያነብባል፣ 8 ላይ ሲደርስ ‘ይኼ የእኔ አሃዝ አይደለም’ ብሎ ይቆማል፣ እስከዚያ ያነበበውን ይሰጥሃል። ውጤቱ 0 ነው። 09ም 0 ነው።

08 ሚያዝያ ነው። 09 ግንቦት ነው።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ሥራው ሲሄድ አንድም ችግር አላየንም፤ እስከ 07 ድረስ ትክክል ነውና። ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዲት ነርስ የሰኞውን ዝርዝር ይዛ መጣች። ‘እህቴ፣ ይኼ ልጅ እኮ ገና ትናንት የተወለደ ነው’ አለችኝ። ዝርዝሩ ልጁን ለኩፍኝ ክትባት ይጠራዋል። የኩፍኙ የሚሰጠው በ9 ወር ነው።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልቤ ወረደ። ፕሮግራሙ አንድን ወር 30 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ግንቦት 9 መሆኑ ቀርቶ 0 ሲሆን፣ ልጁ በ9 ወር፣ ማለትም በ270 ቀን አርጅቷል። በተወለደ ማግስት ፕሮግራሙ ዓይን ውስጥ የ9 ወር ልጅ ነው። የሚያዝያዎቹ ደግሞ በ240 ቀን አርጅተዋል። ሚያዝያ 12 የተወለደ ልጅ የ6 ሳምንት ክትባቱ ግንቦት 24 ላይ ነው። ፕሮግራሙ ግን ጊዜው ድሮ ያለፈ ስለመሰለው ከሚጠሩት ውስጥ አላስገባውም። የ10 ሳምንቱም፣ የ14 ሳምንቱም እንደዚያው ይቀር ነበር።

ነገሩን ያወሳሰበው አንዷ ነርስ ዜሮ የመጻፍ ልማድ አልነበራትም። 8 ብላ ነው የምትጽፈው። የሷ ተረኛ ቀን የተመዘገቡት ልጆች ሁሉ ትክክል ነበሩ። የሌሎቹ ተበላሽተዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩ የአንደኛው ኮምፒውተር መስሎኝ ነበር።

ማስተካከያው አራት ፊደል አይሞላም። ፓርስኢንት ሁለተኛ ነገር ይቀበላል፤ ከጽሑፉ ቀጥለህ ኮማና 10 ትጽፋለህ። ‘በአሥር ቁጠር’ ማለት ነው። እሱን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። የተበላሸው መረጃ ግን በኮድ አይመለስም። ወሩ 0 ተብሎ ተቀምጧል፤ ሚያዝያ ይሁን ግንቦት ከ0 ላይ ማወቅ አይቻልም። በየወሩ በ8 እና በ9 የተወለዱት ልጆችም ቀናቸው 0 ሆኗል። ይኼ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ አላየነውም እንጂ። የጻፉትን ጽሑፍ ቀይሬ ቁጥሩን ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት። ጥሬው የለም።

የወረቀቱ መዝገብ አዳነን። ሦስት ምሽት ዝርዝሩን ካመጣችው ነርስ ጋር ተቀመጥን። እሷ ማስመሪያ ከየረድፉ ሥር እያስቀመጠች ትነበንባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ማስመሪያውን ወደ ታች ባንሸራተተች ቁጥር አንድ ልጅ ማለት ነው። የቀረባቸውን እናቶች ስልክ ያላቸውን በስልክ፣ የሌላቸውን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ጠራን።

ከዚያ ወዲህ በምሠራው ማንኛውም ዳታቤዝ ውስጥ ከተቀየረው ቁጥር አጠገብ ‘እንደተጻፈ’ የሚል ዓምድ አለ። ሰውየው በጣቱ የመታውን ፊደል በፊደሉ ይይዛል። ቦታ አይፈጅም። የጃቫስክሪፕት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2009 ተስተካክሎ ፓርስኢንት 08ን 8 ብሎ እንዲያነብ ተደንግጓል፤ የዛሬ ብራውዘሮችም ያከብሩታል። እኔ አሁንም ኮማ 10ን እጽፋለሁ፣ ዓምዱንም እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ ለእርስዎ ሰላምታዬ ይድረስ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ዲያቆን ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፓይተን ተማርኩ። ከአገር ቤት የመጣ የክርስትና መዝገብ ቅጂ አለኝ፤ ቀኑም ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ነው። በእጄ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በዓመት ላስቀምጠው ፈለግሁ። ፓይተንን ‘ይኼ ቁጥር ነው?’ ብዬ ስጠይቀው ለ፭ ‘አዎ’ ይለኛል። እሺ ቀይረው ስለው ግን ወድቆ ይቆማል። ፲ን ስጠይቀው ደግሞ ‘ቁጥር አይደለም’ ይላል። የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ወስጄ ብደምረው ፲፱፻፶፬ 173 ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎ ደስ አሰኝቶኛል። የገጠመዎት ነገር የታወቀ ወጥመድ ነው፤ አገራችንን ስለሚነካ ደግሞ በዝርዝር ልመልስ።

የጠየቁት ኢዝዲጂት በሚለው ትእዛዝ ነው። እሱ የሚያየው ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላትና ምልክቶች የሚመዘግበው ደረጃ፣ ለምልክቱ የሰጠውን ማዕረግ ነው። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ‘አሃዝ’ ይላቸዋል። ከ፲ ጀምሮ ያሉትን ዋጋ ያላቸው ምልክቶች ይላቸዋል እንጂ አሃዝ አይላቸውም። የሚቀይረው ኢንት ግን ከዚህ የጠበበ በር አለው። የሚያስገባው ከ0 እስከ 9 ሙሉ ቤተሰብ ያላቸውን፣ በቦታቸው ዋጋቸው የሚለዋወጠውን ብቻ ነው። የዐረብኛ አሃዞችን ስለዚህ ይቀበላል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፭ የትም ቢቆም በራሱ አምስት ነው። ኢንት የማይቀበለው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ኢንትን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት መልስ መስጠታቸውን ነው። እንደ ኢንት የሚያይ ጠያቂ ከፈለጉ ኢዝዴሲማል የሚለው ነው፤ እሱ ለ፭ም ‘አይደለም’ ይላል።

አሁን መፍትሔው። ምልክቶቹ በጠቅላላ 20 ናቸው፦ ዘጠኝ አንዶች፣ ዘጠኝ አሥሮች፣ ፻ እና ፼። የ20ዎቹን ዋጋ ፓይተን ዲክሽነሪ በሚለው መዝገበ ቃል ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ያንብቡ፣ ልክ በአፍዎ እንደሚያነቡት። አንድና አሥር ሲያገኙ ይደምሩ። ፻ ሲያገኙ እስካሁን የያዙትን ጥንድ በመቶ ያባዙ፤ ከፊቱ ምንም ከሌለ 1 አለ ብለው ይቁጠሩ። የእርስዎን እንየው፦ ፲ እና ፱ 19፤ ፻ መጣ፣ 1900። ፶ እና ፬ 54። 1954። 173 የመጣብዎ ፻ን ስለደመሩት ነው። ፻ የሚደመር አይደለም፣ የሚያባዛ ነው።

፼ ሲመጣ ከሱ በፊት ያለውን በሙሉ፣ መቶዎቹንም ጭምር፣ በ10,000 ያባዛሉ። ፲፪፼፴፬፻፶፮ 123,456 መሆን አለበት። ኮድዎ ይኼን ካመጣ ደኅና ነው። ፻ን ብቻውን 100፣ ፼ን ብቻውን 10,000 ካላለ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። የክርስትና መዝገብ ውስጥ ፼ አይገጥምዎትም ይሆናል፤ ቢሆንም ይሞክሩት።

አደራ የምልዎት፣ ገልብጠው የጻፉትን ፲፱፻፶፬ን አይሰርዙት። 1954 አጠገቡ ይቁም። አንድ ቀን የልጅ ልጅ መጥቶ የአያቱን ስም ሲፈልግ መዝገቡ ላይ ያለውን ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳክሮ ማየት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነሽ እህቴ፣ ጅማ ነው ያለሁት። ሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ‘ባግ ሁልጊዜ የፕሮግራመሩ ነው፣ ቋንቋው አይሳሳትም’ ይላሉ። እውነት ነው? ጽሑፍን ወደ ቁጥር መቀየር እኮ የቋንቋው ሥራ ነው።

መልስ፦ የኔ እህት፣ አብዛኛውን ጊዜ መምህርሽ ልክ ናቸው። ቋንቋው ራሱ የተሳሳተበት ቀን ግን አለ፤ አንዱን ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ላይ አንድ ቁጥር ተገኘ፦ 2.2250738585072011 × 10⁻³⁰⁸። ይኼን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ቀይር ስትዪው ፒኤችፒ ለዘላለም ይሽከረከራል። ሰርቨሩን ለማድከም አንድ ሰው ይኼን ቁጥር ፎርም ላይ መጻፍ ይበቃዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የነጥብ ቁጥርን ከጽሑፍ ሲቀይር ኮዱ መጀመሪያ ይገምታል፣ ቀጥሎ ግምቱን ያርማል። ሚዛን ላይ ስኳር እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ባለሱቅ ማለት ነው። ይኼ ቁጥር ደግሞ ያረፈው ድንበር ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ጥራት የሚይዛቸው ቁጥሮች አልቀው እጅግ ደቃቆቹ የሚጀምሩበት ላይ። የድሮዎቹ 32 ቢት ማሽኖች ስሌቱን የሚሠሩት በ80 ቢት ሬጅስተር (አስሊው ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ነው፤ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጡት ግን በ64 ቢት። ሬጅስተር ውስጥ የተደረገችው ትንሿ እርማት ሜሞሪ ላይ ስትጻፍ ተጠጋግታ ትጠፋለች። ኮዱ እንደገና ያርማል፤ እንደገና ትጠፋለች። ማብቂያ የለውም። 64 ቢት ማሽኖች በሌላ መንገድ ስለሚያሰሉ አልተነኩም። አስተካካዮቹ ያደረጉት ቬሪያብሉን ቮላታይል ብሎ ማወጅ ነው፤ ‘እያንዳንዷን ውጤት መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ጻፍ’ ማለት ነው። 5.3.5 እና 5.2.17 የሚባሉት እትሞች በዚያው ወር ወጡ።

እትሙን ወዲያው መቀየር ላልቻለ ሰው ማለፊያ መንገድ ነበረው። የሚገባውን ጽሑፍ ከመቀየሩ በፊት ነጥቡን አውጥቶ ማየት፤ 22250738585072011 የሚል ተከታታይ ካለበት አለመቀበል። ነጥቡ የሚወጣው ያንኑ ቁጥር 22.250738585072011 ብሎ፣ ኃይሉን በአንድ ቀንሶ መጻፍ ስለሚቻል ነው። እንዲህ ያለ ማለፊያ አያምርም፣ ግን ሰርቨሩን ያቆየዋል።

ወር ሳይሞላ ጃቫ ላይ ጎረቤቱ ተገኘ፤ የመጨረሻው አሃዝ 1 ሳይሆን 2 ነው። እዚያ ምክንያቱ ሬጅስተር አይደለም፤ የእርማቱ ዙር ራሱ ከሁለት ግምት መሃል እየተመላለሰ መቆሚያ አጣ። ኮዱ ውስጥ ቁጥሩን ከጻፍሽው ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። የጃቫ ባለቤት ኦራክል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። መምህርሽን በዚህ ቁጥር ጠይቂያቸው፤ በትሕትና።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። የ300 ሠራተኞች የፋይዳ ካርድ ቁጥር ኤክሴል ላይ አስገባን። የሁሉም መጨረሻ 0 ሆነ። ስልካቸውም 09 መሆኑ ቀርቶ በ9 ይጀምራል። ምን ነካው?

መልስ፦ ኤክሴል ቁጥር ሲያይ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። የካርዱ ቁጥር 16 አሃዝ አለው። አሥራ ስድስተኛው በ0 ይተካል። የስልኩ ዜሮ ደግሞ ቁጥር ላይ ትርጉም ስለሌለው ይጣላል።

የማትደምሩትንና የማትቀንሱትን ነገር እንደ ቁጥር አትያዙት። የካርድ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ሁሉም ጽሑፍ ናቸው። ዓምዱን ከመሙላታችሁ በፊት መርጣችሁ ቅርጹን ‘ቴክስት’ አድርጉት። ከሞላ በኋላ ብትቀይሩት የጠፋው አይመለስም። ፕሮግራመራችሁም መረጃውን ወደ ጃቫስክሪፕት ሲያስገባ በጽሑፍ ያስገባው፤ እዚያ ደግሞ ወሰኑ 9,007,199,254,740,991 ነው። ከዚያ በላይ ያለው አንዳንዱ በትክክል ያልፋል፣ አንዳንዱ በአንድ ይዛነፋል። ለምሳሌ በ993 የሚያልቀው 9007199254740993 በ992 ያልቃል። ሁሉም ቢበላሽ ይሻል ነበር፤ ቶሎ ይታያል።

የስልኮቹ ቀላል ነው፤ ሁሉም 09 ከነበሩ ዜሮውን መልሳችሁ ትጨምራላችሁ። 07 የሚጀምር ካለም ያው ነው። የካርዱ 16ኛ አሃዝ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ሠራተኞቹ ያመጡትን ፎቶኮፒ ካልጣላችሁ ዛሬውኑ ከመደርደሪያው አውርዱት። አንድ ሰው ያንብብ፣ አንድ ሰው ይጻፍ፤ ከየረድፉ ሥር ማስመሪያ አድርጉ።